አጭር ድምፅ

ድሬ ገና ሳትግል፣ አስፋልቱ ሳይቀልጥ፣
በኢብሳ ሚኒባስ ጠመዝማዛውን ስናቋርጥ፣
ጆሮዬ ድው አለ፣ ነፋሱ ተለወጠ፣
ላብ የለመደ ሸሚዜ ከቆዳዬ አመለጠ።

ደንገጎ።
ዲስኮቹን ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣን፤
ሦስቱ ከባሕር ማዶ፣ የተላጡ፣ የተጫሩ፣
አራቱ በእጃችን ከጀሪካን ቂጥ የተሠሩ፤
በፍም ተለዝበው፣ በአሸዋ ተሞርደው፣
ከሸክላ ሳህን ክብ ልካቸውን ወስደው።

ቅርጫቶቹ የእኔ ናቸው።
ከባቡር ጥገናው በጡረታ ስሰናበት
ካባ አለበሱኝ፤ እኔ በኪሎ የገዛሁት ሰንሰለት።
በብስክሌት ቸርኬ ዙሪያ አንጠልጥዬ፣
«ከበየድኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል» ብዬ፣
ዘጠኝ ቦታ ተከልኩ፣ ከገደል እስከ ገደል፤
ያየኝ ሁሉ ጠየቀ፦ «ሰውዬው ምን ሊሰቅል?»

የመጀመሪያው ለልጅም አይከብድ።
ሁለተኛው ሁለት ግራር መሃል፣ የበር ያህል ክፍተት፤
ፈራ ተባ ያለ እጅ ይከፍላል የእሾህ ቅጣት።
አራተኛው ላይ ቆመህ ድሬን አትመልከታት፤
ቆርቆሮዋ ዓይን ይሰርቃል፣ ያን ጊዜ ያቺን ዲስክ እርሳት።

አምስተኛው የኦቦ ሙሜ ጫት እርከን ጥግ ነው።
ሕጉን ያወጣ እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም፦
«እርሻዬ የገባ የኔ ነው፤ አይመለስም።»
ዛሬ ስድስት ቀፎው ላይ ስድስት የጠፉ ዲስኮች
ድንጋይ ተጭኗቸው የዝናብ ክዳን ሆነዋል፤
ከሥራቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ ንቦች።
ማር አቀመሰን። ዲስክ አልጠየቅንም።

ነቢላ፣ የቀፊራ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣
ዲስኩን እንደ ጣቃ ነው የምትዘረጋው በእጅ፤
ወገቧ ይዞራል፣ ክንዷ ይከተላል፣
ዲስኩ በግራ ወጥቶ፣ ቁልቋሉን ተሻግሮ፣
ዕቃ እንደ ረሳ ሰው ይመለሳል።
የኢብሳ ቁልቋሉ ውስጥ ቀረ።
«አቦ፣ ተዪኝ!» አለ፣ እሷ ምንም ሳትናገር።

ሸረፈዲን አይወረውርም።
ይሄን ጨዋታ ያስተማረን እሱ ነበር፤
ሦስቱን ዲስኮች ጅቡቲ ወደብ ላይ
ከአንድ የመርከብ ወጥ ሠሪ በሲጋራ ለውጦ።
መጀመሪያ ቅርጫቱ ጠፋው። ከዚያ ዛፉ። ከዚያ የኛ መልክ።
አሁን ከዘጠነኛው አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ
ጠጠር ከኪስ ወደ ኪስ እያሸጋገረ
በጆሮው ነጥብ ይይዛል።
ገደሉ ድምፅ አይሰርቅም፤
የዘጠኙንም ሰንሰለት ወሬ ያደርስለታል።

ዘጠነኛው ላይ እኔና ነቢላ እኩል ነበርን።
ስልሳ ርምጃ፣ በሸለቆ ላይ፣ ነፋስ ከበስተቀኝ፤
ትከሻዬ የብየዳ ዘመኑን አስታውሶ ጠዘጠዘኝ።
ለቀቅኩት።
ሸለቆው አናት ላይ ትንሽ ቆመ፣
ለእኔ መሰለኝ እንጂ ዲስክ አይቆምም፤
ጥላው ከታች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ተከተለው፤
ሰንሰለቱን መታ፤ ሰንሰለቱ ጮኸ፤
በሌላው ጎን ሾልኮ ሣር ላይ ተኛ።

«ገባ!» አለ ሸረፈዲን። ጠጠር አነሳ።
ነቢላ አየችኝ። ኢብሳ ጫማውን አየ።
ያቺ ጠጠር፣ ስልሳ ርምጃ ርቃ፣
እንደዚያ የሽኝት ካባ ትከሻዬ ላይ ከበደችኝ።

«አልገባም!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
ገደሉ መጀመሪያውን ዋጠና
«ገባም… ገባም…» አለ።

ሸረፈዲን ሳቀ፣ ጠጠሯን መልሶ ኪሱ ከተታት።
«አውቃለሁ፣ አቦ! የገባ ድምፅ ይረዝማል፤
ሰንሰለቱ ዲስኩን አቅፎ ትንሽ ያጉረመርማል።
ይሄ አጭር ነበር።
ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መቼ ደከመ?
አንተን ነበር የማዳምጠው።»

መልስ አልነበረኝም።
ነቢላ አፈሩን በጫማዋ ደለደለች፣ ነፋሱን በጉንጯ ለካች፤
ክንዷን ስትዘረጋ
እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።